በአንድ ጣሳ ጨው የተሸጠው ልጄ

ወንድ ልጄ በተወለደበት ቀን ተሸጧል። ሻጯ እኔ፣ ገዢዋ ጎረቤቴ፣ አሻሻጯ ደግሞ አማቴ ነበሩ። ዋጋው አንድ ጣሳ ጨው ነው። ዛሬ ይህን ሳወራ ልጆቼ ይስቃሉ፤ ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው የተሸጠው ራሱ ነው። ያን ጊዜ ግን ከገዢዋ በስተቀር በቤታችን የሚስቅ ሰው አልነበረም።

የምንኖረው ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተምሥራቅ፣ የከተማው ቤት አልቆ የገበሬው ማሳ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ነበር። ባለቤቴ እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ዕቃ ጫኝ ነው። አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር የቆርቆሮ ጣራችን ይንቀጠቀጣል፤ በጓሮ በኩል ደግሞ ገበሬው በሬዎቹን በኦሮምኛ ሲቆጣ ይሰማል። ዘመኑ የደርግ ነው። እሑድ ጠዋት ቅዳሴው ሳያልቅ የቀበሌ ስብሰባ ይጠራል፤ የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ ይጠየቃል። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። በስብሰባው ከሚነገረው የገባኝን እሰማለሁ፣ ያልገባኝን ከሰው ጋር አጨበጭባለሁ።

ትልቋ ልጄ በደህና ተወልዳ በደህና አደገች። ከእሷ በኋላ የወለድኳቸው ሁለቱ ግን አልበረከቱልኝም። ሁለቱም ሲወለዱ ደህና ነበሩ። በማግስቱ ዓይናቸው ብጫ ይሆናል፣ ብጫው ወደ ፊታቸው፣ ከፊታቸው ወደ ሆዳቸው ይወርዳል፤ ከዚያ ጡት መያዝ ያቆማሉ። ሳምንት አልሞላቸውም። ቄስ ሳይደርስላቸው፣ ክርስትና ሳይነሡ ስለሄዱ ፍትሐት አልተደረገላቸውም። ሰው ሁሉ የሞቱን ነገር ይነግረኛል፤ እኔን ግን ከሞቱ እኩል የሚያንገበግበኝ ያለ ስም መሄዳቸው ነበር። በጸሎቴ መካከል ልጠራቸው እፈልግና የምጠራቸው ስም አጣለሁ።

ጎረቤቱ ሁሉ ሾተላይ ነው አለ። ሾተላይ ማለት በእናትየዋ ላይ አድሮ የምትወልደውን የሚበላ መንፈስ ነው፤ እኛ የሰማነው እንደዚያ ነበር። እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ። በር ዘግቼ ወጥቼ፣ ተመልሼ ገፋ አድርጌ የማየው ዓይነት ሰው ነኝ። ከሁለተኛው ልጅ በኋላ ደግሞ ባሰብኝ። ትልቋ ልጄ ስትበላ ሰው ካያት ጀርባዬን አዙሬ እከልላታለሁ። ቆንጆ ናት ያለ ሰው ካለ ማርያም በይ፣ ማርያም በል ብዬ አስጨንቃለሁ። በወር በወሩ በማርያም ቀን ጸበል እጠጣለሁ፤ ማታ ስተኛ ደግሞ ትራሴ ሥር ቢላዋ አደርጋለሁ። ከጸበሉም ከቢላዋውም አንዱን መተው እፈራ ነበር።

እንደገና ሳረግዝ ለማንም አልተናገርኩም። የሕፃን ልብስ አልሰፋሁም፣ አልገዛሁም። ሆዴ ሲገፋ ነጠላዬን ሰፋ አድርጌ ለበስኩ። መውለጃዬ ሲቃረብ አማቴ ከላምበረት ወዲያ ካለው አገራቸው ቅቤያቸውን በቅል ይዘው መጡ። ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅለው የሚናገሩ፣ ጾም የማያጓድሉ፣ ከመተኛታቸው በፊት ቤቱን በአራቱም ማዕዘን የሚያማትቡ ሴት ነበሩ። ቅቤውን ካስቀመጡ በኋላ በሩን ዘጉና አጠገቤ ተቀመጡ።

ነገሩን ከአገር ቤት አስበውበት ነው የመጡት። ልጁ የአንቺ ነው ከተባለ ሾተላዩ ይሰማል፣ የሌላ ሰው ከሆነ ግን አያገባውም አሉኝ። ስለዚህ እንደወለድኩ እሸጠዋለሁ። አርባ ቀን ሞልቶት ክርስትና እስኪነሣ ድረስ እኔ አጥቢው እንጂ እናቱ አይደለሁም። ልጄ ብዬ መጥራት የለም። የማን ነው ያለ ሰው ካለ የገዢዋ ነው ማለት ነው። ሲጠመቅ መልሰን እንገዛዋለን።

ገዢዋንም እሳቸው ናቸው የመረጡት። ግድግዳ የምትጋራን የጉራጌ ሴት፣ እስላም ናት፤ ባሏ ወደ ጉርድ ሾላ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ አለው። አምስት ልጆች ወልዳ አንድም አልሞተባትም። አማቴ የፈለጉት ይህንን ነበር። እሷም ነገሩ ሲነገራት በሳቅ ፈረሰች። ጨው በዚያን ጊዜ እንደልብ አይገኝም፤ በኅብረት ሱቅ ተሰልፈን ነበር የምንገዛው። እሷ ግን ከሱቃቸው የተረፈ አላጣችም።

«ወላሂ፣ በዚህ ዋጋ ከሆነ ሌላም ካለሽ አምጪ» አለችኝ።

አማቴ ግን አልሳቁም፤ የሚገባውን ቃል ሁሉ አስማሏት።

ባለቤቴ የፈራው ቀበሌን ነበር። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ ባለፈው ስብሰባ አጉል እምነትን ስታወግዝ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆማ ተናግራለች። አንድ ሰው ቢያወራብን በሥራ ቦታው ይጠየቅ እንደሆነ ተጨነቀ። ቢሆንም እናቱን አልተከራከረም። እሱም ሁለቱን ሕፃናት በእጁ ነው የቀበረው።

ልጁ የተወለደው ረፋድ ላይ ነው። አማቴ ከአንዲት አዋላጅ ጋር ሆነው አዋለዱኝ። ወንድ መሆኑን ሲያዩ አዋላጇ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ አማቴ በእጃቸው አፏን ያዙት። እልልታ የለም አሉ። ልጁን ጠቅልለው በበር ሳይሆን በጓሮ መስኮት አሳለፉት። ጎረቤቴ ውጭ ቆማ ተቀበለችና ጣሳውን በመስኮቱ ሰጠቻቸው። ከዚያ ቤቱን ዞራ በፊት ለፊት በር መጣችና አንኳኳች።

«እዚህ ቤት ጡት ያላት ሞግዚት አለች ይባላል፤ እውነት ነው?»

አማቴ ኮስተር ብለው፣ አለች፣ ግቢ አሏት። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ እንባዬ ይወርዳል። ልጁን እቅፌ ውስጥ ስታስቀምጠው ጎንበስ ብላ፣ በደንብ አጥቢልኝ፣ ከስቶ ካየሁት ወዮልሽ አለችኝ። አማቴ ጣሳውን ሳይከፍቱ ከበሩ በላይ ከግድግዳው ማገር ላይ ሰቀሉት።

በማግስቱ ጠዋት ልጁን ወደ በሩ ብርሃን አቀረብኩትና የዓይኑን ሽፋን በአውራ ጣቴ ገለጥ አደረግኩ። ብጫ ነበር። አማቴ የግድግዳው ቀለም ነው አሉኝ። ግድግዳችን ብጫ አይደለም፤ ጭቃ ነው። ከሰዓት በኋላ አፍንጫው ላይ ደረሰ። በነጋታው ደረቱ ላይ ነበር።

የንስሐ አባታችን ተጠርተው መጡ። ጸበል ረጩ፣ ጸለዩ፣ መስቀላቸውን በልጁ ደረት ላይ አሳረፉ። አማቴ የሽያጩን ነገር ራሳቸው ነገሯቸው፤ ከካህን የሚደብቁት ነገር የላቸውም። አባም ወደ ማገሩ ቀና ብለው ጣሳውን ለጥቂት ጊዜ አዩት። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ያሉት ግን ልጁ ከባሰበት አርባ ቀን እንደማይጠበቅ፣ በማንኛውም ሰዓት ከላክንባቸው መጥተው እንደሚያጠምቁት ነው። ይህን ሲሉ ልጁን ወደ ደረቴ ሳብኩት፤ ለመሞት መዘጋጀት መሰለኝ። ይህ ገባቸው መሰለኝ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጸበሉን ረጭተናል፤ አሁን ሐኪም ቤት ውሰጂው።»

እንደምፈራ ነገርኳቸው። ሁለቱን ወደ ሐኪም ቤት አልወሰድኳቸውም ነበር፤ አራስ ሴት ከቤት አትወጣም፣ ምች ይመታታል ተብሎ።

«አትፍሪ አልልሽም» አሉኝ። «እየፈራሽ ሂጂ።»

ባለቤቴ ሥራ ላይ ነው። የጎረቤቴ ባል ከመንገዱ ላይ ታክሲ አስቁሞ አመጣ። አማቴ ራሴን በሻሽ ጠፍንገው አሰሩኝ፣ በጋቢ ጠቀለሉኝ፣ ቢላዋዋን ከመቀነቴ ሥር ሻጡልኝ። ትልቋን ልጄን ይዘው እሳቸው ቤት ቀሩ። ታክሲው ሊነሣ ሲል በመስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ የማን ነው ሲሉሽ የምትይውን ታውቂያለሽ አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። ጎረቤቴ ልጇን እንደምታሳክም ሴት ልጁን ታቅፋ ከፊት ተቀመጠች፤ እኔ እንደ ሞግዚት ከኋላ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ካርድ ከወጣ በኋላ ነርሷ የማን ልጅ ነው አለች። የእሷ ነው አልኩ፣ ወደ ጎረቤቴ እያመለከትኩ። ጎረቤቴ አንድ ጊዜ አየችኝና፣ አዎ የኔ ነው አለች። መቼ እንደወለደችው ተጠየቀች። ከትናንት ወዲያ አለች። ነርሷ ከላይ እስከ ታች አየቻት። በአንድ እጇ ልጅ፣ በሌላው ዘንቢል ይዛ፣ ከታክሲ ዘልላ ወርዳ ደረጃውን እየሮጠች የወጣች ሴት ናት።

«ጠንካራ ነሽ» አለቻት።

«እኛ አገር እንዲህ ነው» አለች ጎረቤቴ።

ዶክተሩ ልጁን መስኮት አጠገብ አስተኝተው መረመሩት። ሆዱን ነካ ነካ አደረጉ፣ ተረከዙን ጫን ብለው ቀለሙን አዩ። ከዚያ ጎረቤቴን ስንት እንደወለደች ጠየቋት። ከዚህ በፊት አምስት አለች። የሞተብሽስ ሲሏት፣ አልሐምዱሊላህ፣ የለም አለች። ዶክተሩ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ነገሩ አልገጠመላቸውም። ለማንኛውም ብለው ከክንዷ ደም እንዲቀዳ አዘዙ፤ ነርሷም ቀዳች።

ደሙ እየተቀዳ ሳለ ዶክተሩ የሚሆነውን አስረዱን፤ ቀስ ብለው፣ በአማርኛ ነው የተናገሩት። አንዳንድ ጊዜ የእናትየዋ ደምና የልጁ ደም አይስማሙም። ልጁ ገና በማኅፀን እያለ የእናቱ ደም የእሱን ማጥፋት ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ልጅ ያመልጣል፣ የሚከተሉት ይጎዳሉ። እናንተ ሾተላይ የምትሉት ይህንን ነው አሉ። ስሙን ከሳቸው አፍ ስሰማ አንገቴን ደፋሁ። መድኃኒቱ የልጁን ደም ቀስ በቀስ እያወጡ በሌላ ደም መተካት ነው። የሚገባው ደም ግን አስቀድሞ ከእናቱ ደም ጋር መታየት አለበት።

«ከእናቱ ጋር ካልተስማማ ይገድለዋል» አሉ።

ይህን ጊዜ ልጁ አለቀሰ። ድምፁ የደከመ ነበር። ጡቴ ግን ሰማውና ወተቱ ቀሚሴን አርሶ ወደ መቀነቴ ወረደ። ጋቢዬን ሰበሰብኩ። ጎረቤቴ እጅጌዋን እንደሰቀለች፣ ጥጡን በክንዷ ላይ ይዛ ታየኛለች። አልተናገረችም። ለአማቴ ምላላቸዋለች፤ መሐላዋን የምታፈርስ ሴት አይደለችም። ደግሞም ሳስበው ያን ቃል መናገር የሷ ፋንታ አልነበረም።

በዚያች ደቂቃ ያሰብኩትን አሁንም አልረሳሁትም። ዝም ብል ልጁን የማይሆነው ደም ሊገባበት ነው። ብናገር ደግሞ ያ የተደበቅንበት መንፈስ ይሰማል፤ እስካሁን ያላወቀው አሁን ሊያውቅ ነው። ሁለቱም እኩል እውነት መሰሉኝ። ማርያምን ጠራሁና የአባ ቃል መጣልኝ። እየፈራሽ።

«ዶክተር፣ እናቱ እኔ ነኝ» አልኩ።

ይህን ብዬ ወደ ጣራው ቀና አልኩ። አንድ ነገር ከዚያ የሚወርድ መስሎኝ ነበር። ነጭ ጣራ ነው፤ አምፖል ተንጠልጥሎበታል።

ዶክተሩ እኔን አዩኝ፣ ወደ ጎረቤቴ ዞሩ።

«እሷስ ማን ናት?»

«እኔማ ገዢዋ ነኝ» አለች ጎረቤቴ።

ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርናቸው፤ እኔ ስጀምር እሷ ትጨርሳለች። የሞቱብኝን ሁለቱን፣ የብጫውን ነገር፣ በደህና ያደገችውን ትልቋን ሁሉ ተናገርኩ። ዶክተሩ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። አሁን ገባኝ አሉና እጄን እንድዘረጋ አደረጉ። ጋቢዬን ስፈታ ቢላዋዋ ከመቀነቴ ሾልካ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ነርሷ ጎንበስ ብላ አነሣቻት።

«አይዞሽ፣ እኔን ሁለት ጊዜ ነው የሸጡኝ» አለችኝ፣ መርፌውን እያዘጋጀች። «የመጀመሪያዋ ገዢ ከፍላ አልጨረሰችም ተብሎ።»

ጎረቤቴ በሳቅ ግድግዳ ደገፈች። እኔም ሳቄ መጣ፤ ልጁ ከተወለደ የመጀመሪያዬ ነበር።

የሚስማማው ደም ተፈልጎ ተገኘ። የጎረቤቴ ደም አይሆንም ተባለ። ይህን ስትሰማ ተቀየመች፤ ልጁን ያህል ነገር ገዝቼ ደሜ አይፈለግም ማለት ምንድን ነው ብላ ነርሷን ስትነዘንዝ ቆየች። ልጁን ወደ ውስጥ ይዘውት ሲገቡ እኛ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን። እኔ ማተቤን ይዤ የማውቃትን ጸሎት መላልሼ አልኩ። እሷ አጠገቤ ሙስበሃዋን ትቆጥራለች። አንዳንዴ የሁለታችን ከንፈር እኩል ይቆማል፤ በሩ የተከፈተ ሲመስለን ነው።

ባለቤቴ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጣ። ምን እንደተደረገ ስነግረው በመጀመሪያ የጠየቀኝ ተናገርሽ ወይ ብሎ ነው። ተናገርኩ አልኩት። አጠገቤ ተቀመጠና እጄን ያዘ። በሰው ፊት እጄን ይዞ አያውቅም ነበር።

ዶክተሩ ሲወጡ ደህና ነው አሉን። ገና እንደሚጠበቅ፣ ብጫው ወዲያው እንደማይለቅ ነገሩን። ሆስፒታሉ ውስጥ ሰነበትን። ጠዋት ጠዋት ዓይኑን ገልጬ አያለሁ፤ ብጫው በመጣበት መንገድ ተመለሰ፤ ከሆዱ፣ ከደረቱ፣ ከፊቱ። መጨረሻ ላይ ዓይኑ ነጣ። ጡት ሲይዝ እስኪያመኝ ጎተተኝ። ደግሜ ካረገዝኩ ሳልደበቅ በጊዜ እንድመጣ ዶክተሩ አስጠንቅቀውኝ ወጣን።

አሁን የቀሩኝ አማቴ ናቸው። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲው ውስጥ የምናገረውን አዘጋጀሁ። ቤት ገብተን ስንቀመጥ ግን ሁሉም ጠፋኝና፣ እማማ፣ የኔ ነው ብያለሁ አልኳቸው። አማቴ እያሰቡ መሆናቸው ያስታውቃል።

«የት ሆነሽ ነው ያልሽው?»

«ሐኪሙ ክፍል ውስጥ።»

«ክፍሉ ምን ይሸታል?»

«አልኮል።»

«እንግዲያው እዚያ አይገባም» አሉ። ሽታውን እንደማይወድ ከድሮም የሚያውቁ ነበር የሚመስሉት። ከዚያ ተነሥተው ወደ ምድጃው ሄዱ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ገንፎውን ማገንፋት ጀመሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ የሚያማስሉት ስለከበዳቸው አልነበረም። «ኤ ዋቃዮ» ይላሉ ቀስ ብለው፤ አምላክን በአፍ መፍቻቸው የሚጠሩት ሆዳቸው ሲነካ ነው። ትንሽ ቆይተው ሳይዞሩ፣

«ልጅሽን ወደ እሳቱ አምጪው፣ ይበርደዋል» አሉኝ።

ልጅሽን አሉኝ። አመጣሁት።

በአርባኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ጎረቤቴ እስከ አጥሩ ድረስ ሸኘችን፤ ከዚያ ወዲያ አልገባችም፣ ጃንጥላዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ልጁ ጸበሉ ሲነካው ጮኸ፤ ያን የሚያህል ድምፅ ከየት እንዳመጣው እንጃ። አባ ስሙን ሲያወጡለት በልቤ ደጋግሜ ያዝኩት። ከዚያ የሁለቱን ሕፃናት ነገር ጠየቅኳቸው። ስም ባይኖራቸውም በጸሎትሽ አንሻቸው፣ እግዚአብሔር ያውቃቸዋል አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አነሣቸዋለሁ፤ ትልቁና ትንሹ እላለሁ።

ደጀ ሰላሙን አልፈን ስንወጣ አማቴ ነጠላቸውን አጣፉና፣ በወሊዱ ቀን የከለከሉትን እልልታ ያኔ ለቀቁት። ለወንድ የሚባለውን ያህል ሁሉ እየቆጠሩ አሉ። ከአጥሩ ውጭ ጎረቤቴ ጃንጥላዋን ጥላ ተቀበለቻቸው።

ቤት ስንመለስ አማቴ ጣሳውን ከማገሩ አወረዱ። ጨውን መልሶ ልጁን መግዛት ነበር ደንቡ። ጎረቤቴ ግን እጇን ወደ ኋላ አደረገች።

«ልጁን አልመልስም፤ ጨዋችሁን ብሉ» አለች።

ክርክሩ ረዘም ያለ ነበር። በመጨረሻ ለድግሱ ከቤቷ ባመጣችው ድስት፣ ሥጋ ሳይነካው፣ ምስር ወጥ ተሠራና ጨዉ እዚያ ውስጥ ገባ። ከዚያ ምስር ሁሉም ቀመሰ፤ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ ሳትቀር። እሷ ካኪዋን እንደለበሰች ነው የመጣችው። የሚያያት ሰው እንደሌለ ስታረጋግጥ ወደ ልጁ ጎንበስ አለችና፣ ማርያም ታሳድገው ብላ እንትፍ እንትፍ አለችበት። እኔ አየኋት፤ አላየሁም።

ጎረቤቴ አንድ ጉርሻ ዋጠችና ፊቷን አጨፈገገች።

«አንቺ ሞግዚት፣ ጨው አብዝተሽበታል።»

«ያንቺው ነው» አልኳት።

እነሱ ኋላ ወደ መርካቶ በኩል ተዛወሩ። ልጄ በየኢዱ እየሄደ እናቴ ይላታል፤ እኔ አልቀናም። የማን ልጅ ነው ያለኝ ሰው ካለ የኔ ነው እላለሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከዚያ ሰውየው ዘወር ሲል ቀስ ብዬ አማትባለሁ።